አማካይ ነጥብ የማያሳየው ብቃት፦ የእንስሳት ጤና ሠልጣኞች ምዘና ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የሥራ ሁኔታ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

የአንድ የሥልጠና መርሐ ግብር ውጤት ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው መልስ ቁጥር ነው። ስንት ሠልጣኞች ተቀበለ? ስንቶቹ ተመረቁ? አማካይ ውጤታቸውስ ስንት ነው? እነዚህ ቁጥሮች ለዕቅድና ለሪፖርት ይጠቅማሉ። በእንስሳት ጤና ሥልጠና ግን ከሁሉ የሚቀድመውን ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ። ተመራቂው በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ከታመመ በሬና ከተጨነቀ ባለቤት ፊት ሲቆም ምን መሥራት ይችላል?

ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ለአንድ ሐሳብ ነው። በእንስሳት ጤና ሥልጠና ውስጥ በሌላ ትምህርት ነጥብ ሊካካሱ የማይገባቸው ጥቂት ክህሎቶች አሉ። እነዚህ ክህሎቶች ከአማካይ ውጤት ተነጥለው፣ እያንዳንዳቸው በተግባር፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊመዘኑና በተመራቂው የትምህርት ማስረጃ ላይ በግልጽ ሊሰፍሩ ይገባል። ይህ እስካልሆነ ድረስ “የማለፊያ ነጥብ” ለተቋሙ ትርጉም ቢኖረውም ለአርሶ አደሩ ዋስትና አይሆንም።

የሥራው ባሕርይ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል፤ በስተደቡብ ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የበሽታው ዓይነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ረግረጋማ የግጦሽ መሬት ባለበት ደጋ የጉበት ትል በግንና ከብትን ያከሳል፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ገንዲ ያሰጋል። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ጎሮርሳና አፍተግር ደግሞ በመካከሉ ያለው አርሶ አደር ሁሉ በስም የሚያውቃቸው ናቸው። በጎዛምን፣ በስናን ወይም በባሶ ሊበን ወረዳ የሚመደብ ጀማሪ ባለሙያ እነዚህን ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ አውቆ ሥራውን ሊወጣ አይችልም።

ከዚህም በላይ ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይሠራል። በሆስፒታል የምትሠራ ጀማሪ ነርስ ስትጠራጠር የምትጠይቀው ሐኪም በቅርብ አለ። በቀበሌ የእንስሳት ጤና ኬላ ያለው ረዳት ግን የእንስሳት ሐኪሙን ለማግኘት ወረዳ ድረስ መሄድ ወይም ስልክ መደወል ይኖርበታል። መድኃኒቱን የሚመርጠው፣ መጠኑን የሚወስነው፣ መርፌውን የሚወጋው፣ ባለቤቱን የሚመክረውም እርሱ ነው።

የስህተቱ ዋጋ የሚለካውም በነጥብ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የናሙና ጥናት ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጉ የቀንድ ከብቶች እንዳሏት ተገምቷል። ይህ ታላቅ ቁጥር ወደ አንድ የጎጃም ቤተሰብ ሲወርድ ግን አንድ ጥማድ በሬ ሊሆን ይችላል። ከጥማዱ አንዱ በክረምት መግቢያ ቢሞት ቤተሰቡ መቀናጆ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ወይም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። በአንድ የተሳሳተ መጠን ወይም በተበላሸ ክትባት የሚጠፋው የአንድ ዓመት ቀለብ ነው።

አሁን ያለው ምዘና የሚያሳየውና የማያሳየው

በኢትዮጵያ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ሥልጠና የቆየ ታሪክ አለው። የእንስሳት ጤና ረዳቶች በደብረ ዘይት መሠልጠን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሲስፋፉ ቡሬን የመሳሰሉ ኮሌጆች ሥልጠናውን ለጎጃም አርሶ አደር አቀረቡት። ዛሬ ወደ ሙያው የሚገባ ሰው በሁለት ዓይነት የምዘና በር ያልፋል።

የመጀመሪያው የቴክኒክና ሙያ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ሥልጠናው በሙያ ደረጃ ምደባ ላይ ይመሠረታል፤ ሠልጣኙም ከኮሌጁ ውጭ ባለ የብቃት ምዘና ማዕከል በጽሑፍና በተግባር ይመዘናል። ውጤቱ “ብቁ” ወይም “ገና ያልበቃ” ተብሎ ይገለጻል። በሐሳብ ደረጃ ይህ ትክክለኛ መንገድ ነው። ድክመቱ ምዘናው በአንድ ቀን፣ በተዘጋጀ ስፍራ፣ በተወሰኑ ተግባራት ላይ የሚያተኩር መሆኑ ነው። ሠልጣኙ በዚያ ቀን ያሳየው ነገር ከሦስት ወር በኋላ በዝናብ ውስጥ፣ ማቆያ በሌለበት፣ ከሚራገጥ ወይፈን ጋር ይደግመው እንደሆነ ማዕከሉ ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ መንገድ ነው። በዚህ በኩል የእያንዳንዱ ኮርስ ውጤት ከፈተና፣ ከቤት ሥራና ከተግባር ልምምድ ተደምሮ ከመቶ ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ለማለፍም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። የመውጫ ፈተናው ያመጣው ጥቅም ሊካድ አይገባም። በየተቋሙ የሚሰጠው ውጤት በአንድ የጋራ መለኪያ እንዲታይ አድርጓል። ይሁን እንጂ በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ሊመዝን የሚችለው ዕውቀትንና የማገናዘብ ችሎታን እንጂ የእጅን ሥራ አይደለም።

አሜሪካዊው የሕክምና ትምህርት ምሁር ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው ዝነኛ ሞዴል የባለሙያን ብቃት በአራት እርከኖች ከፍሎታል። እነዚህም ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየትና በዕለታዊ ሥራ ላይ መፈጸም ናቸው። በዚህ ሞዴል ሲታይ የጽሑፍ ፈተናና የመውጫ ፈተና በታችኞቹ ሁለት እርከኖች ላይ ይቆማሉ። የብቃት ምዘና ማዕከሉ ሦስተኛውን ይነካል። አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚመለከተው አራተኛው እርከን ግን በሁለቱም መንገዶች በቂ መለኪያ የለውም።

አማካይ ነጥብ እንዴት ይሸፍናል?

ችግሩን ግልጽ ለማድረግ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ሠልጣኞችን በምሳሌነት ማየት ይቻላል። ሁለቱም በእንስሳት በሽታዎች ኮርስ 70 አገኙ። አንደኛው የበሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ስምና የሕይወት ዑደት ጠንቅቆ ጽፏል፤ በተግባር ግን ድንገት ሞቶ የተገኘን፣ ካፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወርድን ከብት ለምርመራ ብሎ ይከፍታል። ሁለተኛዋ በጽሑፉ ብዙ ነጥብ አጥታለች፤ ይህን ዓይነት ሬሳ ስታይ ግን አባ ሰንጋን ትጠረጥራለች፤ ሬሳው እንዳይከፈት፣ ሥጋው እንዳይበላ፣ ቆዳው እንዳይገፈፍ ታደርጋለች፤ ለወረዳውም ታሳውቃለች።

በውጤት መዝገቡ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። በቀበሌው ላይ ግን እኩል አይደሉም። የአባ ሰንጋ ተሕዋስ አየር ሲያገኝ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ የሚችል ዘር መሰል ቅርጽ ይይዛል። በአንድ የተሳሳተ የቢላ ጭረት ባለሙያው ራሱን፣ ሥጋውን የሚካፈሉትን ጎረቤቶችና ለዓመታት በዚያ መስክ የሚግጡትን ከብቶች ለአደጋ ያጋልጣል። በእንስሳት አመጋገብ ኮርስ የተገኘ ከፍተኛ ነጥብ ይህን ጉድለት ሊያካክስ አይችልም።

ይህ ማለት ማካካስ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይደለም። በአጥንቶች ስም ደካማ የሆነ ሠልጣኝ በመድኃኒት ዕውቀቱ ቢያካክስ ብዙም ጉዳት የለውም፤ የረሳውን ከመጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል። ጥያቄው ስህተቱ በሰው ወይም በእንስሳ ሕይወት ላይ ወዲያው ጉዳት የሚያደርስና ለማረም ጊዜ የማይሰጥ መሆን አለመሆኑ ነው። አደጋው እንዲህ ያለ ከሆነ ክህሎቱ ከድምሩ መውጣት አለበት።

የቋንቋ ጉዳይም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ትምህርቱና ፈተናው በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የበሽታው ታሪክ ግን የሚነገረው በአማርኛ ነው። “ብላክሌግ” የሚለውን ቃል በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል ያብራራ ሠልጣኝ፣ አንዲት እናት “ወይፈኑ ከማታ ጀምሮ ያነክሳል፤ ጭኑ አብጦ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ አባ ጎርባ ሳይሆን አይቀርም” ስትል ሁለቱን ማገናኘት ካልቻለ የተማረው ነገር ከሥራው አልደረሰም። የበሽታ ታሪክን ከባለቤቱ በሚገባ መጠየቅና ማድመጥ የምርመራው ግማሽ ነው። ሆኖም በአሁኑ ምዘና ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ የለውም።

ከሌሎችና ከራስ ልምድ የሚገኝ ትምህርት

ክህሎትን ለብቻው መመዘን አዲስ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር ዕውቅና የሚሰጣቸው የእንስሳት ሕክምና ቴክኖሎጂ መርሐ ግብሮች እያንዳንዱ ተማሪ ሊፈጽማቸው የሚገቡ መሠረታዊ ክህሎቶች ዝርዝር አላቸው። ተቋሙ እነዚህን ክህሎቶች ተማሪው በተግባር መፈጸሙን በመስፈርት መዝኖ በሰነድ ማስረዳት አለበት። ተመራቂው ከዚያ በኋላ የሚወስደው አገር አቀፍ የጽሑፍ ፈተና ይህን የክህሎት ማረጋገጫ አይተካም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ለመካከለኛ ደረጃ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የብቃት መመሪያ አውጥቷል፤ በቀጣዩ ዓመትም የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ አስከትሏል። በሰው ሕክምና ደግሞ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁት፣ ተመዛኙ ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ በየጣቢያው አንድ ተግባር የሚፈጽምበት ፈተና ዛሬ በእንስሳት ሕክምናም ይሠራበታል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ግን ከሁሉ የሚልቀው ትምህርት ከአገር ውስጥ የሚገኘው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን የቀንድ ከብት ፈጅቶ የክፉ ቀንን ረኀብ አስከትሏል። ከመቶ ዓመት በኋላ በሽታው የመጨረሻ መጠጊያ ካደረጋቸው ስፍራዎች አንዱ መኪናና የበረዶ ሳጥን በቀላሉ የማይደርሱበት የአፋር ምድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ለአጭር ጊዜ ሠልጥነው ሙቀትን በሚቋቋም ክትባት መንጋውን ከተቡ። ሥራቸው የተመዘነው በምስክር ወረቀታቸው አልነበረም። ከተከተቡት ከብቶች ደም ተወስዶ የመከላከል አቅም መፍጠራቸው ተመረመረ። ውጤቱም በትምህርት ደረጃ ከሁሉ ዝቅ ያሉት ሠራተኞች ሥራውን በሚገባ እንደሠሩ አሳየ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከበሽታው ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዓለም በሙሉ ነጻ መሆኑ ታወጀ። የሥልጠና ውጤት ወደ እንስሳው ተጠግቶ ሊለካ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት አዳጋች ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በመነሣት በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለሚሰጠው ሥልጠና የሚከተለው ሐሳብ ይቀርባል። በቅድሚያ የማይካካሱ ክህሎቶች ዝርዝር ይዘጋጅ፤ ዝርዝሩም አጭር ይሁን። ለመነሻ ያህል ሰባት ክህሎቶች ይበቃሉ፦ እንስሳን ራስንም እንስሳውንም ሳይጎዱ መያዝ፤ የበሽታውን ታሪክ በባለቤቱ ቋንቋ መጠየቅ፤ ሙቀትን፣ ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና የጨጓራ እንቅስቃሴን ለክቶ መመዝገብ፤ የእንስሳውን ክብደት ገምቶ የመድኃኒት መጠን ማስላትና የወተትና የሥጋ መታቀቢያ ጊዜን ለባለቤቱ መንገር፤ የክትባትን ቅዝቃዜ ጠብቆ በትክክለኛው ቦታ መውጋት፤ ድንገተኛ ሞት ሲያጋጥም ሬሳውን ሳይከፍቱ መጠንቀቅና ማሳወቅ፤ በመጨረሻም የራስን አቅም ወሰን አውቆ ወደ ሐኪም ማስተላለፍ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ክህሎት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቀንና ከአንድ በላይ በሆኑ መዛኞች ይታይ። ከሦስቱ አንዱ ከግቢ ውጭ፣ በቀበሌ ኬላ ወይም በክትባት ዘመቻ ላይ ይሁን። ከመዛኞቹም አንዱ ሠልጣኙን ያላስተማረ ባለሙያ ይሁን። አንድ ጊዜ ማሳካት ዕድል ሊሆን ይችላል፤ በተለያየ ሁኔታ መድገም ግን ብቃት ነው።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ “በቅቷል” ወይም “ገና አልበቃም” ተብሎ ይመዝገብ፤ ከመቶም አይደመር። ያልበቃ ሠልጣኝ ሥልጠናውን ደግሞ እንደገና ይመዘን። የክህሎት መዝገቡ ከትምህርት ማስረጃው ጋር ተያይዞ ለቀጣሪው ይድረስ። ወረዳው አዲስ ባለሙያ ሲቀበል ሰባቱን ክህሎቶች ማን እንዳረጋገጠለትና መቼ እንዳረጋገጠለት ሊያይ ይችላል።

አራተኛ፣ መዝገቡ ሠልጣኙን ብቻ ሳይሆን መርሐ ግብሩንም ይመዝን። ከአንድ ዙር ሠልጣኞች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሙከራ የመድኃኒት መጠን ማስላት ካቃታቸው ችግሩ የሠልጣኞቹ ስንፍና ብቻ ሊሆን አይችልም። ሒሳቡ በየትኛው ኮርስ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ልምምድ እንደተሰጠ መጠየቅ ይገባል። አማካይ ነጥብ ይህን ጥያቄ አያስነሣም፤ በየክህሎቱ የተለየ መዝገብ ግን ወዲያው ያስነሣል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአቅም ጉዳይ ነው። የሠልጣኙ ቁጥር ብዙ፣ መምህሩና እንስሳው ጥቂት፣ በጀቱም ውሱን መሆኑ እውነት ነው። ዝርዝሩ አጭር ይሁን የተባለውም ስለዚህ ነው። ሰባቱ ክህሎቶች ሲነጠሉ የቀረው ሥርዓተ ትምህርት በነበረበት የጽሑፍ ፈተና ሊቀጥል ይችላል። በተጨማሪም ወረዳዎች በየዓመቱ የሚያካሂዷቸው የክትባት ዘመቻዎች ለምዘናው ያለ ተጨማሪ ወጪ ብዙ እንስሳትን በአንድ ቦታ ያገናኛሉ። ሠልጣኙ በዘመቻው ላይ እንደ ጉልበት ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን እንደ ተመዛኝም ሊሰማራ ይችላል።

ሁለተኛው የእንስሳት ደኅንነት ነው። በአንድ ላም ላይ ብዙ ሠልጣኞች ሲፈራረቁ እንስሳዋ ትሠቃያለች። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ መፍትሔውም ልምምድንና ምዘናን መለየት ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ከቄራ በሚገኙ የአካል ክፍሎችና በቀላሉ በሚሠሩ ሞዴሎች ላይ ይሁን። ወደ ሕያው እንስሳ የሚቀርበው ያን ያለፈ ሠልጣኝ ብቻ ይሁን። ለምዘናም በእርግጥ ሕክምና ወይም ክትባት የሚያስፈልጋቸው እንስሳት ይመረጡ።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የመዛኞች አድልዎና ይሉኝታ ነው። የምርጫ ፈተና የማንንም ፊት አያይም፤ የተግባር መዛኝ ግን ሰው ነው። ሠልጣኙን አራት ዓመት ያስተማረ፣ ቤተሰቡን የሚያውቅ መምህር “ገና አልበቃም” ብሎ ለመፈረም ሊቸገር ይችላል። ይህን በምክር ብቻ ማስወገድ አይቻልም። መስፈርቱ “ጥሩ”፣ “መካከለኛ” በሚሉ ቃላት ሳይሆን በሚታዩ ድርጊቶች ይጻፍ፤ ለምሳሌ “መርፌውን ከመውጋቱ በፊት የክትባቱን ጠርሙስ የመጠቀሚያ ጊዜና የሳጥኑን ቅዝቃዜ አየ ወይስ አላየም?” ተብሎ። ከሠልጣኞቹ የተወሰኑትን ሁለት መዛኞች ሳይነጋገሩ ይመዝኑ፤ ስምምነታቸውም ይሰላ። ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው የስምምነት መለኪያ ለዚህ ዓላማ ቀላልና የታወቀ መሣሪያ ነው። መዛኞች የማይስማሙበት መስፈርት ወይ ይሻሻላል ወይ ይወጣል። ይህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በአካባቢያቸው ሊሠሩት የሚችሉት፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ የምርምር ርእስ ነው።

አራተኛው ብዙዎች ሊዘገዩ ወይም ሊቀሩ ይችላሉ የሚል ስጋት ነው። አንዳንዶች በእርግጥ ይዘገያሉ። ነገር ግን ጉድለቱ በምዘና ባይታይም ከመኖር አይቀርም፤ ከኮሌጁ ግቢ ወጥቶ ወደ አርሶ አደሩ በረት ይሻገራል እንጂ። ጉድለቱ ሊታረም በሚችልበት በሥልጠናው ጊዜ ቢታወቅ ለሠልጣኙም ለባለ ከብቱም ይሻላል።

ማጠቃለያ

የመውጫ ፈተናውም ሆነ የብቃት ምዘና ማዕከሉ ይቅሩ የሚል ሐሳብ እዚህ አልቀረበም። ሁለቱም የየራሳቸውን ክፍል ይመዝናሉ። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ሠልጣኙ በሥራ ቦታ በተደጋጋሚ የሚታይበትና ዋና ዋና ክህሎቶች በአማካይ ነጥብ የማይሸፈኑበት ምዘና ነው። ይህን ለመጀመር አዲስ ሕግ ወይም አገር አቀፍ ዘመቻ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ የትምህርት ክፍል ከአንድ ወይም ከሁለት ወረዳ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተስማምቶ፣ በአንድ ዙር ሠልጣኞች ላይ፣ ሰባቱን ክህሎቶች በአንድ ገጽ መዝገብ ሊሞክር ይችላል። ከዓመት በኋላ መዝገቡ ራሱ የትኛው ክህሎት በሚገባ እንደተማረ፣ የትኛው እንዳልተማረ ይናገራል። በጮቄ ግርጌ ወይም በዓባይ በረሃ አፋፍ የሚኖር ባለ አንድ ጥማድ አርሶ አደር ስለ ተመራቂው አማካይ ነጥብ አይጠይቅም። በሬውን ሲያስረክብ ማወቅ የሚፈልገው ይህ ወጣት መርፌውን በትክክል መውጋት መቻሉን ነው፤ የሥልጠና ተቋሙም ለዚህ ጥያቄ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ሊኖረው ይገባል።